ከቀዩ ክር በላይ

ይህን ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ጀልባዋ ላይ ስደርስ እጄ ይቆማል። ዛሬ እስከ መጨረሻው ልሞክር። የተቆራረጠ ነገር ካገኛችሁ ታገሡኝ። የሆነው ነገር ራሱ እየቆመ፣ እየሄደ ነው የሆነው።

ያን ጊዜ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወስጄ ውጤት እጠብቅ ነበር። የምንኖረው ከቡራዩ ከፍ ብሎ ገፈርሳ ውሃ ዳር፣ የውሃው መሥሪያ ቤት ለሠራተኛ በሠራት የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። እናቴ፣ ታላቅ ወንድሜ ታደሰና እኔ። አባታችን ቀደም ብሎ ስለ ሞተ ያሳደገኝም ያስተማረኝም ታደሰ ነው። የሞተር ጀልባ ነጂ ነበር። በሥራ ቀን የውሃውን ጥልቀት የሚለኩትን ሰዎች ያመላልሳል፤ እሑድ እሑድ ደግሞ ከአዲስ አበባ ለሽርሽር የሚመጡትን ትልልቅ ሰዎች ያንሸራሽራል።

ጀልባዋ ትንሽ ናት፣ ሆዷ ቆርቆሮ። ሞተሩ ከኋላ ተንጠልጥሏል። መሪውም ነዳጅ መስጫውም አንድ እጀታ ነው፤ እጀታውን ስታዞሩት ትፈጥናለች፣ ስትመልሱት ትቀንሳለች። ታደሰ እጀታው ላይ ቀይ ክር አስሮበት ነበር። የክሩ ቋጠሮ፣ ሞተሩ ላይ በምስማር ከጫረው መስመር ጋር ሲገጥም «አሁን ስግሪያዋን ያዘች» ይል ነበር።

አነጋገሩን ያመጣው ከበቅሎ ነው። ሰበታ ያለው አጎታችን ሰጋር በቅሎ ነበረችው፤ ታደሰ ልጅ ሆኖ እሷን ይጋልብ ነበር። «በቅሎ እርምጃ አላት፣ ሶምሶማ አላት፣ ስግሪያ አላት፣ ግልቢያ አላት። ጀልባም ያው ናት» ይለኛል። «በእርምጃ ስትሄድ ሰላም ነው፣ ግን ነፋስ ካለ እንደ ፈለገ ያዞራታል። ትንሽ ስትጨምርላት ሶምሶማ ትገባለች፤ አፍንጫዋ ወደ ሰማይ፣ ጅራቷ ወደ ውሃ ይሆናል፣ ከኋላዋም ትልቅ ማዕበል ትጎትታለች። እዚያ ላይ እንዳትቆይ። አልፈህ ጨምር፣ ውሃው ላይ ትወጣና ትስተካከላለች። ስግሪያ ያ ነው። ከዚያ በላይ ግልቢያ ነው፤ ሆዷ ውሃውን እየመታ ጥርስህን ያንቀጫቅጨዋል።»

አንድ እሑድ አንድ ፊታውራሪ እኔ ባለሁበት ተሳፈሩ።

«አንተ ልጅ፣ ይቺ ጀልባህ አህያ ናት እንዴ? ጨምርላት እንጂ!»

«ሰጋር በቅሎ ናት ጌታዬ» አለ ታደሰ። «ጽዋ ቢይዙ አይፈስስዎትም።»

«እኔ ጽዋ አልያዝኩም!»

«ኮፍያ አድርገዋል። እሱም ይሄድብዎታል።»

ጨምር አሉ፤ ጨመረ። ኮፍያው ሄደ። ፊታውራሪው መጀመሪያ ተቆጡ፣ ቀጥሎ ሳቁ፣ በመጨረሻ ኮፍያቸውን ከውሃው ስናወጣላቸው «በል በስግሪያህ ውሰደኝ» አሉ። ታደሰ እንደዚህ ነበር። ሰው ሳያስቀይም የፈለገው ቦታ ያደርሳል።

በዚያ ክረምት ትኩሳት ያዘው። ብርድ ነው ተባለ፤ ይለቀዋል ተባለ። አልለቀቀውም። ወደ ሐኪም ቤት የሚወስደው መኪና ተለምኖ በተገኘበት ማለዳ፣ መኪናው በር ላይ ቆሞ ሳለ ዐረፈ። ሹፌሩ ሞተሩን አላጠፋም ነበር። ያ ድምፅ አሁንም አለ።

ቀብሩ ማዶ ባለችው ማርያም እንዲሆን እናቴ ቆረጠች። አባታችን ያለው እዚያ ነው፤ ሌላ ቦታ ቢሏት አልሰማ አለች። በደረቅ ወራት ዞሮ ይኬዳል። ያን ሰሞን ግን ጎርፉ በመንገዱ ላይ ያለችውን የእንጨት ድልድይ ወስዷታል። ሰው በእግሩ ወደ ላይ ዞሮ ጅረቱን ይሻገራል፤ ሳጥን የተሸከመ ግን ከዚያ ጭቃ አይወጣም። ለቀስተኛው ከቀትር በፊት በእግሩ ተነሣ። ሳጥኑ ገና አላለቀም ነበር። የመሥሪያ ቤቱ አናጢ ለጀልባ መጠገኛ ከተቀመጠው ጣውላ እየቆረጠ ይመታል። እያንዳንዱን ምስማር ሰማሁት።

ሲያልቅ የታደሰ አለቃ መጣና «በጀልባዋ ውሰዱት» አለ።

«ማን ይነዳታል?» አለ አናጢው።

ሁሉም እኔን አየኝ።

ነድቼ አውቃለሁ። ግን ውሃው እንደ መስተዋት በተኛበት ቀን፣ ጀልባዋ ባዶ ሆና፣ ታደሰ አጠገቤ ተቀምጦ ነው። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ሳጥኑ ላይ ተደፍታለች። ቀና ብላ፣

«አዩ ይነዳል» አለች ስሜን ጠርታ። «ወንድሙን ማን ይወስድለታል?»

ሳጥኑን ወለሉ ላይ አስተኝተን ከመቀመጫዎቹ ጋር በገመድ አሰርነው። እናቴ ራስጌው ጋ ተቀመጠች። የነፍስ አባታችን መምሬ አስራት ከፊት ሆኑ። ከእኔ አጠገብ፣ ግርጌው ጋ፣ ኦቦ ቶሎሳ ገቡ። ኦቦ ቶሎሳ ጎረቤታችን ናቸው፤ ገበሬ ናቸው። ታደሰ ኦሮምኛ የለመደው እሳቸው ቤት ከልጆቻቸው ጋር ሲውል ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ውሃ ዳር ኖረው ጀልባ ላይ ወጥተው አያውቁም። በሁለት እጃቸው ጠርዙን ይዘው ሲቀመጡ፣

«ዓሣ አልበላም፣ ዓሣም እንዲበላኝ አልፈልግም እለው ነበር» አሉ ሳጥኑን እያዩ። «አንድ ቀን አስገባዎታለሁ ይለኝ ነበር። ይኸው፣ አስገባኸኝ ታዴ።»

በእርምጃ ጀመርኩ። እንደዚያ ነው የሚገባው መሰለኝ፣ ሬሳ በቀስታ ነው የሚሸኘው። ዳርና ዳሩ ያለው ባሕር ዛፍ ሲርቀን ግን ነፋሱ ከመናገሻ በኩል መጣ። የጀልባዋን አፍንጫ ያዞራል፣ እመልሳለሁ፣ ያዞራል። ውሃው በጎን እየተፈናጠረ ይገባል። እናቴ ነጠላዋን ከራሷ ገፍፋ ሳጥኑ ላይ ጣለች።

«ይበርደዋል» አለች።

መምሬ ሰማዩን አዩ። ጠቁሯል። «ልጄ፣ ዝናቡ ሳይደርስብን እንድረስ። ሰዎቹም እየጠበቁ ነው።»

እጀታውን ወደ ቀዩ ክር አዞርኩት። ቋጠሮው ከመስመሩ ጋር ገጠመ። ስግሪያዋን ትይዛለች ብዬ ጠበቅሁ። አልያዘችም። አፍንጫዋ ወደ ሰማይ ተነሣ፣ ጅራቷ ሰመጠ፣ መምሬን ከላይ፣ እኛን ከታች አድርጋ ተንገላታች። ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር። ታደሰ ያንን ክር ያሰረው ሁለት ሰው ስትይዝ ነው። ያን ቀን አምስት ነበርን። አምስት ነው ያልኩት። እንደዚያ ነው የቆጠርኩት።

ይህን እያሰላሰልኩ ሳለሁ መምሬ እጃቸውን አነሡ።

«እዚህ ላይ እናሳርፈው።»

በእኛ ዘንድ ሬሳ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ በመንገዱ ላይ እየቆመ፣ እያረፈ ነው የሚሄደው። ባረፈ ቁጥር ካህኑ ፍትሐት ያደርጋል። መምሬ ውሃ ነው ብለው የታደሰን ፍትሐት ሊያስቀሩበት አልወደዱም። እኔም በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲያልፍ ቆሞ እንደሚሳለም ሰው ምንም ሳላስብ እጀታውን በአንድ ጊዜ ዘጋሁት። ጀልባዋ ቆመች። ከኋላዋ ስትጎትተው የነበረው ማዕበል ግን አልቆመም። መጣ። በሞተሩ ላይ ተሻግሮ ገባ። ከጉልበታችን በታች ውሃ ሆነ፤ የሳጥኑ ግርጌ ውሃ ውስጥ ገባ።

«ያ ዋቃ!» አሉ ኦቦ ቶሎሳ አምላክን እየጠሩ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ውሃውን መቅዳት ጀመሩ። «ሱታ፣ ልጄ፣ ሱታ! ቀስ በል! ይሄ በሬ አይደለም፣ ቁም ስትለው አይቆምም!»

«መምሬ፣ መቆም አንችልም» አልኩ። «እየሄድን ይጸልዩለት።»

«እየሄደ?»

«ከቆምን እንሰጥማለን።»

መምሬ የእናቴን እግር አዩ። ውሃ ውስጥ ነው፤ እሷ አላወቀችም። «ሂድ በቃ» አሉ። «ውሃ ላይም ይሰማል።»

ከዚያ ፈራሁ። ቶሎ መድረስ ብቻ ነበር የታየኝ። እጀታውን ከቀዩ ክር አሳለፍኩት፤ ታደሰ ከዚያ አትለፍ ያለኝን አለፍኩ። ሞተሩ ጮኸ። ጀልባዋ ብዙ አቃሰተች፣ እንደ ምንም ብላ ውሃው ላይ ወጣችና ተስተካከለች። በጎን የሚገባው ውሃ ቆመ። የማዶው ባሕር ዛፍ መቅረብ ጀመረ። እፎይ አልኩ።

ኳ።

ኳ ኳ።

እናቴ ቀና አለች።

ኳ። ኳ ኳ።

ድምፁ ከሳጥኑ ነው የሚመጣው። እንዴት ልንገራችሁ። ነፋሱ ያነሣውን ማዕበል የጀልባዋ ሆድ እየመታው ነው፤ ሳጥኑ ደግሞ እዚያው ሆድ ላይ ነው የተኛው፣ እንደ ከበሮ ይቀበለዋል። ይህን አሁን አውቃለሁ። ያን ጊዜም አውቃለሁ። ግን ታደሰ ከሥራ ሲመለስ በራችንን የሚያንኳኳው እንደዚያ ነበር። አንድ፤ ቆየት ብሎ ሁለት። ከውስጥ እናቴ «ማነው?» ትላለች፣ እሱ ደግሞ «የማታውቂው ሰው ነው» ይላታል። ሁልጊዜ። ሁልጊዜ ትስቃለች።

«ታደሰ!» ብላ ጮኸች። በደረቷ ሳጥኑ ላይ ወደቀች። «አለ! ልጄ አለ! ያንኳኳል!»

«እማዬ፣ ውሃው ነው!»

«ውሃ እንዲህ ያንኳኳል? ስሙት! መምሬ፣ ስሙት!»

መምሬ ሰሙ። ፊታቸው ተለዋወጠ። ኦቦ ቶሎሳ ባርኔጣቸውን እንደያዙ ቀሩ። ማንም ውሃ ነው ብሎ አላገዘኝም። ጠዋት የሞተ ሰው ነው፣ ትኩሳት ያለበት ሰው ነው፤ ስንት ጊዜ ሰምተናል፣ ሞቷል ተብሎ ተገንዞ የነቃ ሰው ታሪክ። እኔም ለአንድ አፍታ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ አመንኩ። በሩ ላይ ቆሞ ነው ብዬ አመንኩ።

«ክፈቱት!» አለች እናቴ። በጥፍሯ ክዳኑን ትቧጭራለች። ልትቆም ተነሣች፣ ጀልባዋ ወደ ጎን ተጋደለች። ኦቦ ቶሎሳ ቀሚሷን ይዘው አስቀመጧት።

«እማዬ፣ ተቀመጪ! አሳይሻለሁ። አዳምጪ፣ አሁን ይተዋል።»

ይህን ባልል ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ። እጀታውን መለስኩት። እንደ ቀድሞው በአንድ ጊዜ አልነበረም፣ በጣት በጣት፣ ማዕበሉ ከኋላ እንዳይደርስብን። ድምፁ እየራቀ መጣ።

ኳ። ኳ።

ኳ።

ቆመ።

እናቴ ጆሮዋን ጣውላው ላይ እንደለጠፈች ብዙ ቆየች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። እንደዚያ አይታኝ አታውቅም።

«ምን አደረግኸው?»

«ምንም እማዬ። ፍጥነቱን ቀነስኩ።»

«ለምን ቀነስክ? መልስለት።»

መለስኩ። ምን ላድርግ? ጀልባዋ እንደገና ወጣች፤ እንደገና ኳ። ኳ ኳ። እናቴ እጇን ክዳኑ ላይ ዘርግታ በመዳፏ ትቀበለዋለች። አላለቀሰችም። ገብቷት ነበር። ፊቷ ላይ አየሁት፤ ውሃ መሆኑ ገብቷታል። ቢሆንም፣

«እንደዚሁ ሂድ» አለችኝ በለሰለሰ ድምፅ። «አዩዬ፣ እስክንደርስ እንደዚሁ ሂድልኝ።»

አንባቢዎቼ፣ እናታችሁ እንዲህ ብትላችሁ ምን ታደርጋላችሁ?

ሄድኩላት። በእያንዳንዱ ምት ሳጥኑ ዘለል ይላል። የረጠበው ገመድ እየላላ ነው። ሳጥኑ በስተግራ ወደ ዳር መንሸራተት ጀመረ፣ ጀልባዋም አብራው ታዘመች። ኦቦ ቶሎሳ በጉልበታቸው ደግፈው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው፣

«ልጄ፣ ይሄ ነገር እየሄደብን ነው። አልችለውም።»

«ይሂድ!» አለች እናቴ። «እያንኳኳ ይሂድ!»

«እሜቴ፣ ሁላችንም ነን የምንሄደው» አሉ መምሬ። አጥብቀው የጀልባዋን ጠርዝ ይዘዋል። ወደ እኔ ዞሩ፤ ቀንስ አላሉኝም፣ አትቀንስ አላሉኝም። እጀታውን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ቀዩን ክር አየሁት። ረጥቦ ጠቁሯል። ለዚህ ጭነት የታሰረ ክር የለም። ታደሰ ቢሆን ምን ያደርግ ነበር ብዬ ጠየቅሁ፤ መልስ አላገኘሁም፤ ታደሰ እናታችንን እንደዚህ አድርጎ ጭኗት አያውቅም። ከዚያ ሳጥኑ አንድ ጊዜ ዘለለና የጀልባዋን ጠርዝ መታ። በስተግራ ውሃ ገባ።

ቀነስኩ።

ከክሩ በታች አወረድኩት። የምትንገላታበትን ቦታ በዝግታ አሳለፍኳት። አፍንጫዋ ቀስ ብሎ ወረደ። ኋላዋ ያለው ማዕበል እየሟሸሸ፣ እየሟሸሸ ሄደ። ከዚያ በላይ ብቀንስ ደግሞ ነፋሱ እንደሚያዞራት ከመጀመሪያው አውቄያለሁና ትንሽ ጨመርኩላት፣ ደግሞ ትንሽ። አንድ ቦታ ላይ ሁሉም ነገር ተኛ። ነፋሱ ሊያዞራት አልቻለም፣ ውሃው አልገባም፣ ሳጥኑ አልተንቀሳቀሰም፣ ሞተሩ እንደ ንብ ቀፎ ብቻ ይላል። ለዚያ ቀን ጭነት ስግሪያዋ ያ ነበር። እጄን እዚያው ላይ አደረቅሁት።

ሳጥኑም ዝም አለ።

እናቴ «ተወው» አላለችም፣ አልረገመችኝም። ፊቷን ከእኔ አዞረች፣ እስክንደርስም አላየችኝም። መምሬ ለመስማት እስኪያስቸግር ድረስ ቀስ ብለው ፍትሐታቸውን ቀጠሉ። መንገዱ ረዥም ሆነ። በሕይወቴ እንደዚያ የተመቸ አካሄድ ሄጄ አላውቅም፤ እንደዚያም የከበደኝ የለም።

ማዶ ለቀስተኛው ጭቃ ውስጥ ቆሞ ይጠብቀናል። ወንዶቹ እስከ ወገባቸው ገብተው ሳጥኑን ተቀበሉንና ሣሩ ላይ አሳረፉት። ለቅሶው ሊነሣ ሲል እናቴ እጇን ዘረጋች። ሁሉም ዝም አለ። ሳጥኑ አጠገብ ተንበረከከች። ጣቷን አጥፋ ክዳኑን አንኳኳች።

አንድ። ቆየት ብላ ሁለት።

ጠበቀች። ሁላችንም ጠበቅን። ያን ያህል ሰው ቆሞ ነፋሱና ባሕር ዛፉ ብቻ ነበር የሚሰማው። አንድ ወንድ ልጅ ሊያስል ሲል እናቱ አፉን ያዘችው። ኦቦ ቶሎሳ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው መሬት መሬት ያያሉ። እኔ መዶሻ ፈልጌ ነበር፤ ክፈቱ ካለች ልከፍት። አላለችም።

እንደገና አላንኳኳችም። ጉልበቷን ይዛ ተነሣች።

«ውሰዱት» አለች።

ይኸው ነው የሆነው። ከዚህ በኋላ ያለው ቀብር ነው፤ ቀብር ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ውጤቴ ሲመጣ አልፌ ነበር። ሆኖም የወንድሜን ቦታ ስጡኝ አልኩ፣ ሰጡኝ። እናቴን ብቻዋን ትቼ የምሄድበት ትምህርት አልታየኝም። አሁን ገፈርሳ ላይ ጀልባ የምነዳው እኔ ነኝ። የታደሰን ክር አልፈታሁትም። ከእሱ በታች ሌላ ክር አስሬያለሁ፣ ነጭ፤ ጀልባዋ ስትሞላ የምሄድበት። ሰው በገባ ቁጥር መጀመሪያ የማየው ስንት እንደሆኑና ምን ያህል እንደሚከብዱ ነው። ምቾት ማለት አንድ ቦታ ላይ ተጭሮ የሚቆይ ምልክት ይመስለኝ ነበር። አይደለም። የተሸከማችሁት ነገር በተለወጠ ቁጥር እንደገና በእጅ እየዳሰሳችሁ የምትፈልጉት ነው። ይህን ከታደሰ አልተማርኩም። ታደሰን ተሸክሜ ነው የተማርኩት።

እናንተም አንድ እሑድ ገፈርሳ መጥታችሁ በጀልባ ብትሳፈሩና ነጂው ጨምር ስትሉት እንዳልሰማ ቢሆንባችሁ፣ አትቀየሙኝ። ስትጨምር ታንኳኳለች። እናቴ ደግሞ ዳር ላይ ናት፤ ድምፁ በውሃ ላይ ሩቅ ይሄዳል።

ውሃ መሆኑን አውቃለሁ። እሷም ታውቃለች። ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ ተነጋግረን አናውቅም። ከሥራ ስመለስ በራችንን ሳንኳኳ ግን፣ እንደ ድሮው ከውስጥ «ማነው?» የሚል የለም። እናቴ አትጠይቅም። ሮጣ መጥታ ትከፍታለች።